ሁለት ኬብል በአንድ ቱቦ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ኢንስፔክተሩ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ሳጥን ከፈተ፣ ባትሪውን አበራና "ይሄን ማን ነው የሠራው?" አለ። አሠሪዬ ጋሽ ሞላልኝ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "ልጅቷ ናት። አዲስ ናት፣ አታውቅም።" በእንግሊዝኛ! እንግሊዝኛው እንደዚያ ሲቀና ሰምቼ አላውቅም። (ዛሬ "እሳቸው" አልልም። ይቅርብኝ።)

ከዳላስ ወጣ ብሎ ፍሪስኮ፣ አዲስ ቢሮ ውስጥ ነን። በአንድ ቱቦ ውስጥ የመብራት ሽቦና የኔትወርክ ኬብል እንደ ሙሽሮች ተቃቅፈው ተኝተዋል። ክልክል ነው። ሐሙስ ዕለት ነግሬዋለሁ።

"ጋሼ፣ ለኔትወርኩ ለብቻው ቱቦ እንዘርጋ።"

"አንቺ ደግሞ! ስንት ሕንፃ እንዲህ ሠርቻለሁ፣ ማን ሞተ?"

ሶኬት ግጠሚ ብሎ ወደ ኋላ ክፍል ላከኝ። እሱና አብሮኝ የሚሠራው ኖላዊ ሁለቱን አንድ ላይ አስገቡ። ዛሬ ኖላዊ ምን አለ? ምንም። ምሳዬን የማካፍለው ኖላዊ!

የሕንፃው ኃላፊ ፈገግ ብላ፣ "ከነገ ጀምሮ በእሷ ፋንታ ሌላ ሰው ቢመጣ ይሻላል" አለች። አዳማ አምስት ዓመት ኤሌክትሪካል ተምሬ… "አታውቅም"።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ከሥራ ቀረሁ። ቀረሁ ወይስ አስቀሩኝ? ልብስ አጠብኩ።

ኖላዊ ቴክስት አደረገ። "ሶሪ ዕፄ። ምን ላድርግ፣ አጎቴ ነው።"

"ያንተ አጎት ነው፤ የጠፋው ግን የኔ ስም ነው" ብዬ መለስኩለት። አሪፍ መልስ ናት። ደግሜ አነበብኳት።

ግን ቀልድ አይደለም። ዳላስ ያለ ሐበሻ ኤሌክትሪሺያን ሁሉ ይተዋወቃል። ላይሰንሴን ሳላወጣ ስሜ "አታውቅም" ተብሎ ከተጀመረ ማን ይቀጥረኛል?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

የሐበሻው ሁሉ አስታራቂ ጋሽ ወልዴ ደወሉ። "ልጄ፣ ከሞላልኝ ጋር ልናስታርቃችሁ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን።"

ሽምግልና! በኤሌክትሪክ ሕግ ላይ ሽምግልና የሚቀመጥ ሕዝብ ከኛ ሌላ ይኖር ይሆን?

እሁድ፣ ኦክቶበር 19

መጡ። ኤርፖርት ሹትል የሚነዱት ጋሽ ወልዴ፣ ነርሷ እትዬ ዓለምጌጥ፣ እና ሞላልኝ ራሱ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ። ሶፋዬ ጠበባቸው። እኛ ሰፈር፣ ቪከሪ ሜዶ ውስጥ፣ ያልጠበበ ሶፋ የት አለ?

"አንቺ ታናሽ ነሽ" አሉ ጋሽ ወልዴ። "ጉልበቱን ሳሚውና ይብቃ።"

"ምን አጥፍቼ?"

"እሱስ… ለመሆኑ ሽቦ ከሽቦ ጋር ቢተኛ ጥፋቱ ምንድን ነው?"

"የመብራቱ ሽቦ አንድ ቀን ቢላጥ ኤሌክትሪኩ ወደ ኔትወርኩ ይሻገራል። ኮምፒውተር ልንቀል ብሎ እጁን የዘረጋን ሰው ይይዘዋል።"

እትዬ ዓለምጌጥ ወደ ሞላልኝ ዞሩ። "አንተ ይሄን ታውቅ ነበር?"

"ማለቴ… ሥራ ነው እኮ። ቀኑ ደርሶብን ነበር።"

"እንግዲህ የማን ጉልበት ነው የሚሳመው?"

ሳቄን በሶዳ ዋጥኩት።

ሞላልኝ ተነሳ። "ይቅርታ ዕፄ። እዚሁ፣ ሽማግሌ ፊት። ፈረንጆቹ ፊት ግን አታዋርጂኝ።"

አንጀቴ ሊራራ ምንም አልቀረው። እውነቴን ነው። ሽበቱን አየሁ…

"ጋሼ፣ እኔን ያዋረዱኝ ፍሪስኮ ላይ ነው። እዚህ የሚሉኝን ይቅርታ እዚያ ማን ይሰማዋል?"

ጋሽ ወልዴ ጢማቸውን ዳበሱ። "ልክ ናት" አሉ። "ካሳ በደሉ በተፈጸመበት ቦታ ነው።"

ሞላልኝ ሶዳውን ሳይጨርስ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ማንም አልደወለም። ኧርቪንግ ከተማ ላለ አንድ የኤሌክትሪክ ድርጅት አመለከትኩ። ፎርሙ "የአሁኑ አለቃሽ ስልክ" ይላል። የሞላልኝን ልስጥ? ሃሃ። ባዶውን ተውኩት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

"ነገ ጠዋት ፍሪስኮ ነይ" አለ ሞላልኝ በስልክ። ዘጋው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

እውነቱን ሊናገር ነው ወይስ ዕቃሽን ውሰጂ ሊለኝ?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ኃላፊዋ፣ ኖላዊ፣ ቀለም ቀቢዎቹ ሳይቀሩ ቆመዋል። ሞላልኝ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወለሉን እያየ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

"ጋሼ፣ አልተሰማም" አልኩ በአማርኛ፣ ፈገግ ብዬ።

ቀና አለ። በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብሎ፣ "አንድ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሷ ተው ብላኝ ነበር። ያን ቀን ዋሽቻለሁ" አለ።

ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች። "ታዲያ እንዴት ብናደርገው ይሻላል?" ወደ እኔ!

አሳየኋት። የኔትወርኩን ኬብል ስበን አወጣን፣ በሌላኛው ግድግዳ በኩል አዲስ ቱቦ ዘረጋን። ኖላዊ መሰላሉን ያዘልኝ። "ዕፄ፣ ያኔ መናገር ነበረብኝ" አለ። "ነበረብህ" አልኩት። ምሳ ግን አካፈልኩት… ምን ላድርግ፣ ሲርበው ያሳዝናል።

ሞላልኝ ቀኑን ሙሉ ከ"ፒንሳ አቀብይኝ" ሌላ ቃል አልወጣውም። ያኩርፍ። የኧርቪንጎቹም ደውለዋል፤ ረቡዕ ኢንተርቪው አለኝ፣ እሄዳለሁ።

ታናሽ ነኝ፣ እሺ። ለታላቅ ወንበር እለቃለሁ፣ አንቱ እላለሁ፣ ባጠፋ ጉልበት እስማለሁ። ሰው ፊት ስሜን አጥፍቶ ጓዳ ለጓዳ ይቅርታ የሚለኝን ግን፣ ሽበት ያውጣ፣ ሽማግሌ ይላክ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።