የየሺ እጅና የእኔ ትርጉም

ሰኞ፣ ጥቅምት 7/2009፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም የቫኑ የኋላ ወንበር። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። አንተ ማስታወሻ፣ ተመስገን በል፤ ከምሳ ዕቃዬ ጋር ቦርሳ ውስጥ ተጋድመህ ትሄዳለህ።

መጋዘኑ ያው ነው። ሰማያዊ ሰደርያ የካምፓኒው ልጆች፣ ቢጫ እኛ በኤጀንሲ የተቀጠርነው። ሥራው አንድ፣ አዛዡ አንድ፣ ሰደርያው ሁለት። አዛዣችን ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ። ሁልጊዜ ከፊት ከፊት ስለሚሄድ ፊታውራሪ ብዬዋለሁ። (ከዛሬ ጀምሮ ፊ.። ማዕረጉ ረዘመብኝ።)

የሺን እንደ ልማዴ ነካካኋት። ከሰፈራችን ከክላርክስተን አብራን የምትሳፈር፣ ካርቶን የምታሽግ፣ ሃምሳን ያለፈች ባልቴት ናት። ዛሬ ሽቶ ተቀብታ መጣች። ሙሽራው የትኛው ካርቶን ውስጥ ነው ያለው አልኳት።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ልክ ካገኘሁ አሽጌ ነው የምልክዎት፤ ያውም ያለ አድራሻ!»

ቫኑ በሳቅ ፈረሰ። በልታኛለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

ከሰማያዊዎቹ አንዱ ቀረ። ፊ. የሺን ከማሸጊያዋ አንስቶ ካርቶን የሚያመላልሰው ማሽን፣ ኮንቬየሩ ጋ አቆማት። ሥልጠና የለ፣ ምን የለ፤ በጣቱ አሳያትና ሄደ። አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ጩኸት። ቀኝ እጇ በካርቶንና በማሽኑ ሮለር መሀል። ቀዩን ማቆሚያ ቁልፍ የመታሁት እኔ ነኝ።

ፊ. እየሮጠ መጣ። የኤጀንሲዋን ሴትዮ በስልክ አስገባት። ደህና መሆኗን ጠይቅልን አሉኝ፤ እንግሊዝኛ ያውቃል የተባልኩት እኔ ነኛ! ጠየቅኋት። ቀኝ እጇን በግራዋ እንደያዘች፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። እኔም እንዳለ አስተላለፍኩ። ፊ. ወረቀት ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገና ተገላገለ። እሷም በግራ እጇ ፈረመች። ሰው ቆሞ እየጠበቃት እንዴት ብላ ታንብብ?

የእኛ ሰው ደህና ነኝ! ሬሳ ቀብሮ የተመለሰ እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል። ሰላምታ ነው እንጂ የሐኪም ማስረጃ አይደለም። ይህን እኔ አውቃለሁ። እነሱ በምን ያውቃሉ? እኔስ ለምን አልነገርኳቸውም?

ስንመለስ እጇ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። ቀልድ አልመጣልኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

የሺ ቫኑ ውስጥ የለችም። ትናንት በቴክስት ከእንግዲህ አትምጪ ብለዋታል። ምክንያት የለም።

ፊ.ን ጠየቅሁት። የእኛ ሠራተኛ አይደለችም፣ ኤጀንሲውን ጠይቅ አለኝ። በምሳ ሰዓት ለኤጀንሲዋ ሴትዮ ደወልኩ። እኛ አላባረርናትም፣ ካምፓኒው አልፈልግም ስላለ ምደባዋ አልቋል አለችኝ። እሺ፣ ማን አባረራት? ነፋስ? ሦስት ዓመት ሙሉ ነይ፣ ሂጂ፣ ፍጠኚ ሲላት የኖረው ፊ. ነው። ለማዘዝ ሁለት ጌታ፣ ለማሳከም አንድም የለ።

ጉዳቱን ሳነሳ ሴትዮዋ ድምፅዋ ማር ሆነ። ደህና ነኝ ብላ ፈርማለች፣ አስተርጓሚውም አንተው ነበርክ አለችኝ።

ስልኩን ሳልሳደብ ዘጋሁት። የእኔ አፍ! ሟች ሚስቴ ይህን ሳታይ ቀረች።

እሑድ፣ ጥቅምት 13

ከቅዳሴ በኋላ የሺ ቤት። በግራ እጇ ብርቱካን ልትልጥ ትታገላለች፤ ተቀብዬ ላጥኩላት። ሐኪሙ ሁለት ጣት ተሰብሯል ብሏታል። ይቅርታ ጠየቅኋት። እርስዎ ምን አጠፉ፣ ያልኩትን ነው ያሉት አለችኝ። ሰድባኝ በሆነ!

ልወጣ ስል፣ ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ አልኳት። ደህና ነኝ አለች። ተያየንና ሳቅን። ከዚያ አለቀሰች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15

ዲኬተር። ልጄ ሰናይት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ የሺንና እኔን ጠበቃ ጋ በመኪናዋ ወሰደችን። ፓርክ ለማድረግ ብቻ ግማሽ ሰዓት ዞርን። ጠበቃዋ በነፃ የምትረዳ ትሕትና ያላት ሴት ናት። ስለ ማባረሩ በኋላ እንከራከራለን፤ መጀመሪያ ግን እጇ እዚያ መጎዳቱን፣ እዚያም ያቆማት ማን እንደሆነ እናሳይ አለች። በዚያው ቀን የተጻፈ ነገር አላችሁ?

የሺ እኔን አየችኝ። ቫን ውስጥ ስጽፍ ሁሌ ታየኛለች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ምን ልበል? አንተን ለጠበቃዋ የምትተረጉመው ሰናይት ናት። አንተ ውስጥ ባሏን ስንት ቦታ ሰነፍ ብዬዋለሁ! ሥራዬም አለ። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ፈሪ ሽማግሌ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

ፊ. ቢሮው አስገብቶ ዶናት አቀረበልኝ። የሚጠይቅህ ሰው ከመጣ ደህና ነኝ ማለቷን አትርሳ አለኝ። ሰማያዊ ሰደርያም እየታሰበልህ ነው። ሦስት ዓመት ለምኜ ያጣሁት ሰማያዊ!

ዶናቱን በላሁት፤ እሱ ምን አጠፋ? እሺ ሳልል ግን ወደ ካርቶኔ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17፣ ጧት

ተነሥ አንተ፣ ዛሬ ዲኬተር ጠበቃዋ ጋ ትሄዳለህ።

ስለ አማቼ ያለውን ገጽ ልቅደደው ብዬ ነበር። የተቀደደ ምስክር ማን ያምናል? ቀልዱ፣ ሽቶው፣ የእኔም ጥፋት፣ ሁሉም ይሂድ። የልጅ ልጄ የሰጠችኝ ደብተር ስለሆንክ ሽፋንህ ላይ ባለ ቀንድ ፈረስ አለ። ጠበቃዋ ትሳቅ። የእኛን ዓመተ ምሕረት አይታ የሰባት ዓመት ወሬ ነው እንዳትል ሰናይት ታስረዳለች።

ቫኑ ጥሩምባውን ነፋ። አልወጣሁም። ደግሞ ነፋ። ሄደ።

ሰናይት ሞተር አስነሥታ፣ አባባ ኑ እንጂ እያለች ነው። አደራህን፣ እዚያ ስትደርስ እንዴት ነህ ቢሉህ፣ ደህና ነኝ እንዳትል።