መስኮቱን ክፈቺው

እታለም፣
ልምምድ ሄጃለሁ። ምሳሽ ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቂው።

ማታ «መዝፈኑን አሁንም ትወጂዋለሽ ወይ?» ስትዪኝ በጣቴ ጉሮሮዬን አሳየሁሽ። እውነት ነው፣ ኦፔራው እስኪቀርብ ከልምምድ ውጪ ትንፍሽ እንዳልል መምህሬ ከልክላኛለች።
የማወራሽበት እስክሪብቶ ግን እጄ ላይ ነበር።

«የሶፕራኖ ጉሮሮ ብርድ አይወድም፣ ጭስ አይወድም» እያልሽ፣ በገዛ ቤትሽ እያንሾካሾክሽ፣ ሽንኩርት እንኳ ሳትጠብሺ ይኸው ስንት ዓመትሽ! ታዲያ በምን አፌ «በቃኝ» ልበልሽ?

እኔ እስክመለስ መስኮቱን ክፈቺው። ሽንኩርት ጥበሺ። እንደ ልብሽ ሳቂ፣ ጩኺ። ከሁለታችን አንዷ እንኳ ትተንፍስ።

ከመምጣቴ በፊት ዝጊው።