የሰርግ አጫዋቹ ሟች ወንድም

ጥቅምት 4፣ 1978። ሰኞ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት።

ሽማግሌው አሁንም መሣሪያቸውን ይቃኛሉ። ሦስት የሐር ክር፣ የኮኮናት ቅል፣ እንደ መሰንቆ በደጋን የሚጫወቱት ነገር። አርባ ደቂቃ ሆነ። አስተርጓሚው አጠገባቸው ቆሞ ዝምታ ይተረጉማል። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ክቡር ደብተር፣ ብድግ በልልኝ እንጂ።

አባባ ሶክ ካምቦዲያዊ ናቸው፤ አሁን የሚኖሩት ፈረንሳይ። ወረቀታቸው ላይ ፈረንሳይኛ ይችላሉ ተብሎ ተጽፏል። የዚህ የስደተኞች የሙዚቃ ዝግጅት አዘጋጇ ሊንዳ ስለዚህ ፈረንሳይኛ አዋቂ ስታፈላልግ፣ ካፒቶል ሂል ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን የሚያጥብ፣ አ/አ የፈረንሳይ ት/ቤት የተማረ ሐበሻ ተገኘላት። እዚሁ ሲያትል ስንት ካምቦዲያዊ እንዳለ ያሰበ የለም። እኔም አላስታወስኳቸውም። ሳህን ሰልችቶኛል።

ጥቅምት 5። ማክሰኞ፣ ከዝግጅቱ በኋላ።

የመጀመሪያው ቀን አለፈ። ሽማግሌው የሰርግ አጫዋች ነኝ አሉ። ይኼኛው ዜማ የሙሽራይቱ ፀጉር ሲቆረጥ ነው፤ ያኛው ሙሽራው የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ሲከተላት። ቃል በቃል ተረጎምኩ። አዳራሹ በጨዋነት አጨበጨበ፤ በጨዋነት ሰዓቱን አየ።

ሊንዳ ጥግ ይዛኝ ሄደች። ይኼ ሁሉ ሰው የመጣው ሰርግ ሊበላ አይደለም አለች። መከራቸው የታለ? ሐሙስ ጋዜጠኛ ይመጣል። ሶ፣ ትንሽ ስሜት ጨምርበት፣ ኦኬ?

ስሜት። እንደ በርበሬ።

ጥቅምት 7። ሐሙስ።

ጨመርኩ።

ሽማግሌው ዛሬ ያሉት ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፦ ዝናቡ አየሩን አርጥቦታል፤ ክሩ ከላላ ይቅርታ አድርጉልኝ። አፌን ከፈትኩ። ሁለት ወንድማማቾች ነበርን አልኩ፣ በእሳቸው ስም። በእግራችን ወደ ድንበር ስንሄድ በአምስተኛው ቀን ታናሼን ንዳድ ጣለው። ዛፍ ሥር አስቀምጬው ውሃ ፍለጋ ሄድኩ። ውሃውን ይዤ ስመለስ የሚጠጣው አልነበረም።

አዳራሹ አለቀሰ። ሊንዳ ኩሏ እስከ አገጯ ወረደ። ጋዜጠኛው ይጽፋል። አባባ ሶክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ የዚህ አገር ሰው ለክር እንዲህ ያዝናል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። በጣም አልኳቸው። ከዚያ የሙሽራይቱን ፀጉር ተጫወቱ፤ ሕዝቡ እንደገና አለቀሰ። በሰርግ ዘፈን እንዲህ የሚያነባ ሰው ሙሽራዋን ቀድሞ ያውቃታል ማለት ነው።

ከየት አመጣኸው እንዳትለኝ። ደብተር ነህ፤ ዝም ብለህ ተጻፍ።

ጥቅምት 8። ዓርብ፣ ከሰዓት።

ተያዝኩ።

አባባ ሶክ ጧት ሆቴላቸው አስጠሩኝ። አልጋው ላይ ጋዜጣ፣ ወንበሩ ላይ አንዲት ሴትዮ፣ ሴትዮዋ ጭን ላይ ሙዝ። ካምቦዲያዊት ናት፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። ትናንት አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ እንግሊዝኛ ትሰማለች። ያልኩትን ሁሉ በቋንቋቸው ነግራቸዋለች።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ያላቸው አንድ ወንድም ነው፤ ማርሴይ ሱቅ አለው፤ በሕይወት አለ። እኔ በሕዝብ ፊት ገደልኩት። በእነሱ አገር ሰው አሥራ ዘጠኝ ነፍስ አለው (እኛ አንዷን መያዝ አቅቶናል)። በቁሙ ሞተ የተባለ ሰው ነፍሶቹ ደንግጠው ይበተናሉ፤ መጠራት አለባቸው። ስልኩን እኔው እንድደውል አዘዙኝ። ወንድምየው አነሳ። እዚያ መሽቷል፤ እራት ላይ ነው፤ አፉ ሙሉ ነው። ስለ ሞቱ ሲነገረው ዓሣው እየቀዘቀዘበት መሆኑን አስታወቀ።

ሴትዮዋ ሻማ ለኮሰች፣ ሙዙን ደረደረች፣ ነፍሶቹን በየስማቸው ይሁን በጅምላ እንጃ፣ ብቻ ጠሩ። የተመለሱት ነፍሶች እንዳይሄዱ የሚታሰረው ክር የወንድምየው እጅ ላይ መሆን ነበረበት፤ እጁ ማርሴይ ስለሆነ ሽማግሌው የራሳቸው አንጓ ላይ አሰሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔ ወንድም እራቱን እየበላ ነው። አንድ ሬሳ ተረፈ። የማን ነው?»

ቀልድ ፈለግሁ። ሁልጊዜ የማይጠፋኝ ጠፋ። የኔ ነው አልኩ። ግርማ፣ ታናሼ። የመተማ መንገድ። ከሞተ አምስት ዓመቱ።

እናትህ አልቅሳ ወጥቶላታል ወይ አሉ። አታውቅም አልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ እዚህ አብሮኝ እንዳለ እየጻፍኩላት ነው። ትምህርት በዝቶበት ነው የማይጽፍልሽ እላታለሁ። መንጃ ፈቃድ አውጥቼለታለሁ። ጥርስ አስነቅዬዋለሁ። ባለፈው ፋሲካ ጉንፋን አስይዤው እንደዳነ ስጽፍላት ስለት አገባች።

ሴትዮዋ ምን አለ ብላ ጠየቀች መሰለኝ። ሽማግሌው በቋንቋቸው ነገሯት፤ ቀስ ብለው፣ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው ለካ። ሙዝ ልጣ ሰጠችኝ። በላሁ።

ስወጣ ብቻ፣ ነገ ስለ ሰርግ ነው የማወራው አሉ። ያልኩትን ትላለህ። ያንተን ደግሞ ለባለቤቱ፣ ለእናትህ ንገር።

ጥቅምት 9። ቅዳሜ፣ 8 ሰዓት።

ሊንዳ ኮል አደረገች። ዛሬ ማታ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ የወንድምየውን ታሪክ ትንሽ አስረዝመው። ወንድምየው ማርሴይ ዓሣ እየበላ ነው አልኳት። ሳቀች፤ ቀጥሎ አልሳቀችም። ጋዜጣው እኮ ወጥቷል አለች። ከእኔ አፍ ዛሬ ከሰርግ በቀር አይወጣም አልኩ፤ ካልተስማማሽ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ ሴትዮ አለች፣ እሷ ትተርጉም፤ እኔ ሳህኔ ጋ እመለሳለሁ። አስቤ እደውላለሁ ብላ ዘጋች።

እስከዚያ ብዕር ይዣለሁ። ለእማዬ ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። መርዶ በፖስታ አይላክም። ብቻዋን በር ላይ ቆማ፣ የጎረቤት ተማሪ እያነበበላት? መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ፣ ከግራና ከቀኝ የሚይዛት ሰው ኖሮ ነው። አምስት ዓመት ይህንንም ነው የነሳኋት። ስለዚህ ለአጎቴ። ወሰንኩ። ሰኞ ፖስታ ቤት ሲከፈት እልካለሁ።

«ይድረስ ለጋሼ በቀለ። ይህን እንዳነበቡ ለእማዬ ምንም እንዳይሉ። መጀመሪያ ቤተ ዘመድ ይጥሩ፣ የንስሐ አባቷንም። ከዚያ በማለዳ፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ሄደው ይንገሯት። ግርማ አሜሪካ አልገባም። ግርማ…»