ብሎን የሚፈታው ወዴት ነው?

ከመተማ ዮሐንስ

ለወንድሜ ለሳሊም፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የገዳሪፍ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሰሊጡም በሰላም ገብቷል።

ትናንት አባባ የፒካፗን የሞተር ዘይት ልቀይር ብለው ከሥሯ ገቡ። የማፍሰሻው ብሎን አልፈታ አለ። ናፍታ አፈሰሱበት፣ «ቢስሚላህ» ብለው መፍቻውን ሳቡ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ለካስ ወደ ማጥበቂያው ነው የሚያዞሩት! በጀርባ ሲተኙ ግራና ቀኝ ይገላበጣል መሰለኝ። ግን ዕድሜ ልካቸውን ሾፌር ሆነው? ነገርኋቸው። «እሺ» አሉኝና፣ «ቢስሚላህ» ብለው እንደገና አጠበቁት። በመጨረሻ እኔም ተምታታብኝ፤ ብሎን የሚፈታው ወዴት እንደሆነ ጠፋኝ።

ኋላ እኔው ገብቼ ፈታሁት። ዘይቱ ሲፈስ እንዴት ደስ እንዳላቸው! «ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

አንተንም እኔንም ከሳቸው ሌላ ማን አስተማረን?

ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፤ ለዒድ ግን እንደምንም ብለህ ና። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል፤ አላህ በደህና ያገናኘን። ስትመጣ እንደ ድሮው ዝም ብለህ አትግባ፤ ከበር ጀምረህ «ሳሊም ነኝ፣ ልጅዎ» በል።

እህትህ ከውሰር