ለይፋት ሽመላዎች የሚሆን መነጽር

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር ፲፱፻፴፩

ወዳጄ ሰይፉ፣

ጣልያኖች ባሕር ተሻግረን ወደ ኤደን ወደብ እንዳንወጣ ቢከለክሉንም የባሕር ማዶ ሽመላዎች ራሳቸው ይፋት ወርደዋል። እንደ አዲስ አበባ ጭልፊቶች ሰማይ ላይ አይዞሩም፤ ማሽላ በታጨደበት ማሳ ከከብቱ ጎን ይራመዳሉ።

ትናንት በሩቅ ማያ መነጽሬ ሳያቸው አንድ የጣልያን ወታደርና አስተርጓሚው ብቅ አሉ። እዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ የተገኘበት የአርበኞች ሰላይ ተብሎ ይረሸናል። ቶሎ አገዳው ክምር ውስጥ ሸሸግሁት።

አስተርጓሚው ያሳደረኝን ገበሬ አብዱረሂምን፣ «ሽማግሌው መነጽር አላቸው?» አለው።

«ወላሂ አላቸው፤ ያለሱ እኔን ከግመሌ አይለዩም።»

ከኪሴ የዓይን መነጽሬን አውጥቼ ሰጠሁ። ወታደሩ አንዴ አይቶበት፣ ዓይኑን እያሸ መለሰልኝና ሄዱ።

አብዱረሂምን፣ «የትኛውን እንደጠየቀህ ጠፍቶህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እሱ መች ለይቶ ጠየቀ?» አለኝ።

ከሁለቱ የሩቅ ማያ መነጽሮችህ የትኛውን ይዘህ መምጣት እንዳለብህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሁለቱንም ተዋቸው፤ ወፎቹ ቅርብ ናቸው። ይህን ካርድ የሚያደርስልህ ነጋዴው ሷሊሕ ነው፤ መልስህንም ለእሱው ስጠው እንጂ በፖስታ እንዳትልክ። ቦታ ጠበበኝ፤ ባለቤትህን ወይዘሮ አጸደን በጣም ሰላም በልልኝ።

ተክሌ