ቅድስት ከኬንያ እስክትመለስ

ነሐ. 18፣ ማታ

የጅጋው ማሳ ዛሬም አላለፈም። በሴቴው በቆሎ ላይ ሳይነቀል የቀረ የወንዴ አበባ ቆሟል። ገበሬው ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው የቀረው ይላል። ጥቂት ረድፍ ማለት ዘሩ ተበላሸ ማለት ነው። አለፈ ብዬ እንድጽፍለት ለመነኝ፣ መጀመሪያ በእግዜር ስም፣ ከዚያ በልጆቹ ስም። አልጻፍኩም። የዘር ጥራት ተቆጣጣሪ ስሆን ያላየሁትን አየሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ማስታወሻዬ፣ አንተም ላይ ቢሆን።

ጭቃ እስከ ጉልበት። ቤት ስገባ ሳሎኑ ሻንጣ ብቻ። ልጄ ቅድስት ነገ ኬንያ ትሄዳለች። የሰንበት ት/ቤቱ ወጣቶች፣ በሰሜን ኬንያ በረሃ ለተተከለች አዲስ ቤተ ክርስቲያን፣ ለልጆቹ መዝሙር ሊያስተምሩ፣ ግድግዳ ሊቀቡ። ሐዋርያዊ ጉዞ ይሉታል። የጅጋው ደብር ጣሪያው ያፈሳል፣ ዲያቆን አጥቶ ቅዳሴ የሚታጎልበት ሰንበት አለ። እዚያ ለመሄድ ፓስፖርት አያስፈልግም። ይህን ለጉዞው መሪ ለዲያቆን ይበልጣል ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና በጸሎት አስቡን ብሎኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ትሕትና ያናድደኛል።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከአልጋዋ ሆና ስቃብኛለች። "ለበቆሎ ርቀት ስትለካ ኖረህ፣ ደግሞ ለወንጌል ልትለካ ነው?"

እግሯ ዛሬም አብጧል። ልቧ ደክሟል ነው የሚለው ሐኪሙ፣ በየጊዜው በሌላ ቃል። ቅድስት እናቴን ጥዬ አልሄድም ብላ ነበር። ሻንጣውን ያስወጣቻት ራሷ እናቷ ናት።

ነሐ. 19፣ ጧት

ሄዱ። ከበሮውን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሰሩት። ዝናብ እንዳይነካው የእኔን የዝናብ ካፖርት አለበሱት። ማንም አልጠየቀኝም። ጥሩወርቅ ተደግፋ እስከ በር ወጣች። ልጅቱ አቅፋት ቆየች። እኔን ስትስመኝ ኮቴን አስተካከለችልኝ።

ነሐ. 22

ደውላ ነበር። ስልክ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ትወጣለች። ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ግመል አለ፣ ልጆቹ ዜማውን ባንድ ጊዜ ይዘውታል፣ ቃሉን ግን በራሳቸው አፍ ያጣምሙታል። ጥሩወርቅ ሳቀች፣ ሳቋን ሳል ቆረጠው። ስልኩን ዘግታ ልጄ ሐዋርያ ሆነች አለችኝ። ገና ቀለም ቀቢ ናት አልኳት። ደስ ብሎናል። ጻፍኩት፣ ደስ ብሎናል።

ነሐ. 24፣ ሆስፒታል

ሌሊቱን ትንፋሽ አጣች። ኦክሲጅን ተደርጎላታል። ወደ ባሕር ዳር እንውሰዳት አልኩ። መንገዱን አትችለውም አሉ። አንድ ወጣት ሐኪም ላይ ጮህኩበት። ጥፋት አልነበረውም። ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

ከሰዓት በኋላ ጭምብሉን አንሥታ ወደ እሷ ጎንበስ እንድል ጠቀሰችኝ።

"ልጄን ከመንገዷ እንዳትመልሳት።"

ማልልኝ አለች። ማልኩ።

ነሐ. 25

ጥሩወርቅ አረፈች። ዛሬ አልጽፍም።

ነሐ. 26

ቀብሩ ትናንት ነበር። ዝናብ። ጉድጓዱ ውኃ እየያዘ በጆግ ቀድተው አወጡ።

ማታ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ወንድሟ ቄስ ምንውዬለት ከቡሬ ገጠር ሌሊት ገስግሶ መጥቷል። ነገሩ ተቆርጦ ነው የመጣልኝ፦ ቅድስት አይነገራትም። እስክትመለስ። እኔ መንገር አለብን አልኩ፣ እናቷ ናት። ቄስ ምንውዬለት ድምፁን ሳያነሣ መለሰልኝ።

"መርዶ በሰው አገር አይነገርም። ስትወድቅ ማን ይደግፋታል? እስቲ ይንገሩኝ።"

ደግሞ ምያለሁ። ብነግራት በማግስቱ ተሳፍራ ትመጣ ነበር። እሺ አልኩ። ለዲያቆን ይበልጣል ተደወለ። እሱ ይወቅ፣ ሌላ ሰው አይስማ፣ ተባለ።

ነሐ. 27፣ ሰልስት

ድንኳኑ ሙሉ። የጥሩወርቅ የአክስት ልጅ ሙሾ ታወጣለች፣ የእጇን ሙያ፣ የቤቷን እንግዳ ተቀባይነት እያነሣች። ሰው ይላቀሳል። በመሀል ከመኝታ ቤት ስልክ ጠራ። በገና ነው ጥሪው። የጥሩወርቅ ስልክ። ማጥፋት ያሰበ ሰው የለም። እኔም አላሰብኩም።

ቄስ ምንውዬለት እጁን አነሣ። ልቅሶው ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ። ዝናቡ ድንኳኑን ሲመታ ብቻ ይሰማል።

ገብቼ አነሣሁት። "እማዬ" አለች። እኔ ነኝ አልኳት። ተኝታለች፣ መድኃኒቱ ያስተኛታል። ከአፌ ያለ ችግር ወጣ። አትቀስቅሳት አለችኝ። ልጆቹ አብረዋት ኮረብታው ላይ ወጥተዋል፣ የተማሩትን ለእናቷ ሊያሰሙ።

"አባዬ፣ ጆሮዋ ላይ አድርግልኝ። በእንቅልፏም ቢሆን ትሰማለች።"

አደረግሁ። ትራሱ ላይ የራሷ ስርጉድ ገና አልጠፋም። ስልኩን እዚያ ላይ አስቀመጥኩት። ቆምኩ። ዘመሩ። ቅድስት ትመራለች፣ ልጆቹ ከኋላ ይቀበላሉ፣ አማርኛውን እየሰባበሩ። ቤቱ ጸጥ ስላለ እስከ ድንኳኑ ተሰማ። አንዲት ሴት ማነቅ ያቃታትን ድምፅ ወደ ውጭ ይዛ ሮጠች። ሲጨርሱ ልጅቱ ቀስ ብላ ሰማች ወይ አለችኝ። ሰማች አልኩ።

በእጄ ይዤው ብቆም ማን ያየኝ ነበር? ማንም። ግን ጆሮዋ ላይ አድርግ ነው ያለችኝ።

ነሐ. 28

ቄስ ምንውዬለት መላ አመጣ። ጠበል ሄዳለች እንበላት፣ እዚያ ስልክ አይያዝም። ከካህን አፍ። ጠበልን የውሸት መሸፈኛ! ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። በኋላ ውኃ ልጠጣ ስወጣ ከጓዳው ጀርባ፣ ጥምጣሙን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ልጅ ያለቅሳል። ለካ እህቱ ናት። እኔ አዝናለሁ ስል ረስቼዋለሁ፣ እሱም ሐዘንተኛ ነው።

ጠበሉን ዲያቆን ይበልጣል ነገራት። አመነች። ለምን አታምን?

ነሐ. 30

ቡሬ ማሳ ሄድኩ። ሰባቷ ሳይወጣ ሥራ ወጣ ብለው ያሙኛል። ይሙኝ፣ በቆሎ ሐዘን አያውቅም። ማሳው ንጹሕ ነው፣ አንድ የቆመ የወንዴ አበባ አላገኘሁም። ገበሬው፣ ልጁን ሲድር ጥሩወርቅ የሠርጉን ጠላ የጠመቀችለት ሽማግሌ ነው። አልሰማም ኖሯል። በእርሻው ዳር ቆሞ እመቤቲቱ እንዴት ናቸው አለኝ።

ደህና ናት አልኩት።

ማስታወሻዬ፣ ይህን ማንም አላዘዘኝም። ይኸ ሰው ኬንያ የለም። የሚወድቅ የለም፣ የሚደገፍ የለም። አፌ ለምዶት ነው። መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ ቆየሁ። ሹፌሩ እንሂድ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተመልሼ ወርጄ ለሽማግሌው እውነቱን ልንገረው አልኩ። አልወረድኩም። ከሰው ይሰማል። ምን ይለኛል?

ጳጉ. 1፣ ማታ

በእኔ ስልክ ደወለች። ደስ ብሏታል፣ ግድግዳው አልቋል። አንድ ነገር ግን ግራ ገብቷታል። ውኃ ልትቀዳ ስትነሣ ጀሪካኑን ይቀሟታል። ሥጋው ለእሷ ይቀድማል። ከሁለት ዓመት በፊት ተኳርፋት የነበረች ጓደኛዋ አልጋዋን ሰጥታት መሬት ተኝታለች። ዲያቆን ይበልጣል ራሱ ሻይ ያቀርብላታል።

"አባዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው እንዲህ የወደዱኝ?"

ይበልጣል ለሁሉም ነግሯቸዋል! ያ ሁሉ ወጣት ያውቃል። ቀን ወንጌል ያስተምራሉ፣ ማታ ዙሪያዋን ከበው ይዋሿታል፣ ያውም በፍቅር። ስልኩን ለእሱ ቢሰጡልኝ ምን እለው ነበር? እኔስ ማን ሆኜ?

ደግሞ ይህን ነገረችኝ። የአገሩ ሴቶች የአንገት ጨሌ ይሠራሉ፣ ረድፍ በረድፍ። አንዲት እናት ስለ ጥሩወርቅ ሕመም በአስተርጓሚ ሰምታ አንዱን ለእናትሽ ብላ ሰጥታታለች። እንዳይበጠስ ራሷ አጥልቃው ትመጣለች። ከጠበል ስትመለስ በራሷ እጅ ልታስርላት ነው።

ጳጉ. 2

ሐጂ ዑመር መጣ፣ ከመንገዱ ማዶ የጨርቅ ሱቅ ያለው። ከቀብሩ ጀምሮ አንድ ቀን አልቀረም። ስለ ጨሌው ነገርኩት። የራሱን ነገረኝ።

ወጣት ሳለ መተማ ይነግድ ነበር። አባቱ ሲሞት ቶሎ ና፣ እህትህ ልትዳር ነው ብለው ላኩበት። ለሠርጉ እንዲለብሱት ለአባቱ ጋቢ ገዛ። ከመኪና ወርዶ እስከ ቤቱ ጋቢውን በክንዱ አንጥፎ ሄደ። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሁሉም ጋቢውን ዳሰሱት። እንዴት ያለ ጋቢ ነው አሉት፣ ለማን ነው አሉት። ለአባቴ ሲል፣ ያምርባቸዋል አሉት።

"መደበቃቸውን ይቅር ብያቸዋለሁ፣ አዝነውልኝ ነው" አለኝ። "ጋቢውን መዳሰሳቸውን ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም።"

አልለበሰውም። ለሰውም አልሰጠውም። አለ፣ ሳጥን ውስጥ። ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ አንድ ቀን አላነሣውም።

ጳጉ. 3፣ ሩፋኤል

ዘነበ። የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ዝናቡ ውስጥ ይጮኻሉ። ጥሩወርቅ በዚህ ቀን ሳፋ ደጅ ታወጣ ነበር፣ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ብላ። እቀልድባት ነበር። ዛሬ ሳፋውን አወጣሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ቄስ ምንውዬለት የነገውን ሥርዓት ይዞ መጣ። ልጆቹ ከባሕር ዳር አየር ማረፊያ በሚኒባስ ይመጣሉ። ቡሬ ሲደርሱ እሱ ከሽማግሌዎች ጋር ያወርዳታል፣ አጎትሽ ጋ እደሪ ብሎ። ትበላለች፣ ትተኛለች። ንጋት ላይ ይነገራታል። ያልበላ፣ ያልተኛ ሰው መርዶ አይችልም አለኝ። ስንቱን ሰው አርድቷል፣ ስንቱን ሲወድቅ ይዟል። ያውቃል፣ አልክድም። እኔ እዚህ ቤት ልጠብቅ። ምናልባት የመንገድ ሰው ፎቶ ልኮ እንዳታየኝ ጥቁሩን ላውልቅ፣ ነጭ ልልበስ።

ሌሊቱን በሙሉ በአጎቷ ቤት ጨሌውን አጥልቃ? የአጎቷ ሚስት እያየችው? እንዴት ያምራል እያለች?

ይህን ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ፦ "አንቱ አባት ነዎት። አባት አያረዳም። አባት አብሮ ያለቅሳል እንጂ።"

እንዲህ ነው ልማዱ። ትክክል ሊሆንም ይችላል። ደከመኝ።

ጳጉ. 4፣ ንጋት

አልተኛሁም። መሐላዬን ቃል በቃል አሰብኩት። ከመንገዷ እንዳትመልሳት። አልመለስኳትም። ዘመረች፣ ቀባች፣ ጨረሰች። ዛሬ መንገዷ አልቋል። ከዚህ በኋላ ያለው ዝምታ የጥሩወርቅ አይደለም፣ የእኛ ነው።

ከባሕር ዳር የሚመጣ ሚኒባስ ዱርቤቴ ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ከቡሬ በፊት ነው። እዚያ እሆናለሁ። ቄስ ምንውዬለትን ደውዬ አስነሣሁትና ነገርኩት። ተቆጣ። ቀጥሎ ውኃ ይያዙ፣ ፊቷን የሚያስነኩበት፣ አለኝ። ለብቻዎም አይሂዱ።

ለብቻዬ አይደለም። ሐጂ ዑመር ሱቁን አይከፍትም፣ አብሮኝ ነው።

ምን እንደምላት ስፈልግ አደርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። በውሸቱ ጊዜ ቃል አላጣሁም ነበር። ስለዚህ ጥቁሩን አላወለቅሁም። አፌ እምቢ ቢለኝ ልብሴ ይነግራታል። ከመኪናው ስትወርድ ከሩቅ ታየኛለች፣ ማንም ጨሌውን ሳይዳስስ። ሽበቴን ተላጭቻለሁ፣ አዲሱን ኮት ትቼ እሷ ያስተካከለችልኝን ለብሻለሁ። የሳፋውን ውኃ በሃይላንድ ቀድቼ ይዣለሁ።

ሐጂ በሩን እየመታ ነው።