ተቀምጠን «ተነሱ» ስንባል

ጥር 16 ቀን 1971፣ ረቡዕ

ዛሬም ስብሰባ። ከጠዋት እስከ ቀትር። ከአውራጃ የሚመጣው ቀስቃሽ ካድሬ፣ ጓድ ደሳለኝ፣ ቀሰቀሰን። «ተነሱ! ንቁ! ለቆረጠ ሰው የማይቻል ነገር የለም!» እኛ ግን መሬት ላይ ተቀምጠናል። ልነሳ ያለ ሰው ካለ አብዮት ጥበቃው «ወዴት ነው?» ይለዋል። ይህ ነገር ለሌላው አይታየውም ይሆን? ወይስ ሁሉም እንደኔ አፉን ይዞ ነው?

መናገሩንስ ያውቅበታል። ድምፁ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ክፋቱ «በመጨረሻም» የምትል ቃል አለችው። እሷን ሲል ሰው ጫማውን መፈለግ ይጀምራል። ከዚያ ከሆዷ ሌላ ንግግር ይወለዳል። ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳላት መቁጠሩን ተውኩት።

ጥር 18፣ ዓርብ

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በላይ ክፍል ድረስ መጣ። አራተኛ ክፍልን እያስተማርኩ ነበር።

«መምህር አሊዪ፣ አንድ ኃላፊነት አለብህ።»

ምን አድርጌ ይሆን?

ነገሩ ጭብጨባ ነው። ረቡዕ ዕለት ጓድ ደሳለኝ «ጠላቶቻችን ዛሬም አልተኙም» ሲል ገበሬው በሙሉ አጨበጨበ። «የምርታችን ማነስ» ሲልም ደገመው። ሰውየው ተቀይሟል።

«አንተ የተማርክ ነህ። ፊት ትቀመጣለህ። የሚጨበጨብበት ሲደርስ ትጀምራለህ፤ ሕዝቡ ይከተልሃል።»

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሌላ ምን ልበል? መምህር ነበርኩ፤ አጨብጫቢ ሆንኩ።

ጥር 21፣ ሰኞ

ከትምህርት በኋላ እህቴ መሪያም ጋ ሄድኩ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የሚያበላው ሽንኩርቷ ነው። ራስ መቋጠር ጀምሯል፤ ቅጠሉ ግን ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። የእነሱ ቦይ የውሃ ተራ ረቡዕ ጠዋት ነው። ያለፈውን ስብሰባው በላው። ውሃው ተቀባይ አጥቶ ዝም ብሎ ወደ ታች ወረደ። ከነገ ወዲያም ስብሰባ ነው...

«ይሄኛውም ካለፈኝ አለቀልኝ አሊዪ። ካድሬው ቀኑን እንዲቀይር አትነግሩትም?»

በላይን ጠየቅኩት። ማክሰኞ ማጀቴ፣ ረቡዕ እኛ ጋ፣ ሐሙስ አጣዬ። ፕሮግራም አይነካም። መቅረትስ? አንዴ «ፀረ አብዮት» ከተባልክ ሽንኩርት ምን ያደርግልሃል።

መሪያም ስትሸኘኝ «እስቲ ያ ሰውዬ እዚህ ይምጣና ሽንኩርቱን ይቀስቅሰው። ተነስ ይበለው» አለችኝ።

እየሳቅኩ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳቄ ቆመ። አንድ ነገር መጣልኝ። ያዋጣ ይሆን? ወይስ ያስበላኛል?

ጥር 23፣ ረቡዕ

አደረግኩት!

ፊት ተቀመጥኩ። በየቦታው በሥርዓቱ አጨበጨብኩ። ጓድ ደሳለኝ ፊቱ ፈክቷል። ፀሐይዋ ገና አልበረታችም። የመጀመሪያዋ «በመጨረሻም» ስትመጣ ብድግ አልኩ። ባለ በሌለ ኃይሌ አጨበጨብኩ። «ይህን ሰምቶ የሚቀመጥ ማነው! ወደ ሥራ!» ብዬ ጮህኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላህ ይወቅ።

ሰዉ ለአፍታ ዞሮ አየኝ። የመሪያም ጎረቤት ጋሽ ከቢር ቀድመው ገባቸው። በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ጎረምሳ ዘለሉ። «ወደ ሥራ!» አሉና አካፋቸውን ከአጥሩ ሥር አነሱ። ለካ ይዘውት መጥተዋል! ከዚያማ ማን ያቁም... ጓድ ደሳለኝ እጁን እንዳነሳ ቀረ። «በመጨረሻም... ጓዶች... በመጨረሻም...» ጭብጨባው ዋጠው። አብዮት ጥበቃውም አጨበጨበ። ምን ያድርግ፣ ጭብጨባ ይከልክል?

ውሃው ሳያልፍ ተደረሰበት። መሪያም ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባች። እየሳቀች ቦዩን ትከፍታለች። ሽንኩርቱ ጠጣ። አልሃምዱሊላህ።

ጥር 24፣ ሐሙስ

በላይ ሰው ላከብኝ። «ጓድ ደሳለኝ ቅዳሜ ይፈልግሃል።» ለምን እንደሆነ አልተባለም።

ጥር 25፣ ዓርብ

ብርድ ልብስ በከረጢት አዘጋጀሁ። እስር ቤት ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። በዚህ ቆላ? አወጣሁት። ደብረ ብርሃን ቢወስዱኝስ? መልሼ ከተትኩት።

ጥር 26፣ ቅዳሜ

የቀጠረኝ ሻይ ቤት ነው። ከፓፓያው ሥር ብቻውን ተቀምጧል። ሻይ አዘዘልኝ። ለሚታሰር ሰው ሻይ?

«መምህር፣ ለምንድን ነው ተነስተህ ያጨበጨብከው?»

«ስሜቴ ገንፍሎብኝ ነው ጓድ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባ!

«ይሄን ያህል ዘመን ስናገር፣ ከንግግሬ ተነስቶ ወደ ሥራ የሮጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ቁጭ ብለው ይሰሙኛል። ያጨበጭባሉ። ይሄዳሉ። በሳምንቱ ስመለስ ሁሉም እንደነበረ ነው። አንዳንዴ ለራሴ... የምለው ነገር ለማን ይጠቅማል እላለሁ። ለማንም ነግሬው አላውቅም። አንተ ግን ጥርጣሬዬን ገደልክልኝ።»

«ጓድ፣ የሮጥነው ወደ ሥራው ሳይሆን ከአንተ ነው» ይባላል? እኔ እኮ ሰውየው የሚለውን ሁሉ የሚያምን ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም እንደኔው ኖሯል። አሳዘነኝ። ከረጢቴን ከወንበሩ ሥር በእግሬ ወደ ኋላ ገፋሁት።

ሪፖርቱን ልኳል። አነበበልኝ። «ሰፊው ሕዝብ ንግግሩ እስኪያልቅ መታገሥ አቅቶት ወደ ምርት ተመመ» ይላል። ቃሉ ሁሉ እውነት ነው። ውሸቱ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት።

ጥር 30፣ ረቡዕ

በሰላም አለፈ። «በመጨረሻም»፣ ጭብጨባ፣ ውሃ። እሱም ቃሏን ሲላት ወደኔ ማየት ጀምሯል።

የካቲት 8፣ ሐሙስ

ጉድ ፈላ! ሪፖርቱን ያዩ ትልልቅ ጓዶች ሊጎበኙን ነው። «ሕዝብን ወደ ሥራ የሚያስሮጠው ንግግር» እንዲደገምላቸው ይፈልጋሉ። ቅዳሜ። ቅዳሜ እኮ ቦዩ ደረቅ ነው! ተራው የሌሎች ነው። ሰው ተነስቶ ወዴት ይሩጥ?

በላይ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። «ካልተነሱ ሪፖርቱ ውሸት ነው ማለት ነው። ደሳለኝ ይጠየቃል። እኔም እጠየቃለሁ። አንተ ደግሞ ከሁላችንም በፊት።»

መሪያምን አማከርኳት። ሳቋ አልቆም አለ። ኋላ «ሰዉን ለኔ ተወው» አለች። ምን ልታደርግ ነው? አልነግርህም ብላ ወደ ጎረቤት ሄደች።

የካቲት 10፣ ቅዳሜ

ሁለት ላንድሮቨር መጣ። እንግዶቹ ወንበር ላይ፣ እኛ መሬት ላይ። ጓድ ደሳለኝ እንደዛሬ አምሮለት አያውቅም። እውነት ለመናገር አንድ ሁለት ቦታ ሳላስበው አጨበጨብኩ። ምን ነካኝ?

«በመጨረሻም!»

ተነሳሁ። ጮህኩ። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ተነሳ። መሪያም ዶማ ተሸክማ ከፊት። ሴቱ እልል አለ። በቦዩ ዳር ሽቅብ ሮጠው ከጉብታው ጀርባ ተሰወሩ። አቧራው ብቻ ቀረ።

ከጉብታው ጀርባ እኮ ምንም የለም። አንድ ዋርካ ብቻ። ኋላ መሪያም እንደነገረችኝ፣ ሁሉም ጥላው ሥር ዘርፈጥ ብለው እሷ እጇን ባነሳች ቁጥር «ሆ!» ይላሉ። አንዱ ዶማውን ከድንጋይ ያጋጫል። ጋሽ ከቢር እንቅልፍ ወሰዳቸው አሉ።

እኛ ጋ «ሆ!» የሚለው ደርሶ ይሰማል። ከእንግዶቹ አንዱ መነፅሩን አስተካክሎ «ወጣ ብለን ሥራውን እንየው» አለ። ጓድ ደሳለኝን አየሁት። እሱ ቦዩን ያያል። ጠብታ ውሃ የለበትም። ፊቱ ገረጣ... ገባው። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አለቀልኝ፣ ሊናገር ነው አልኩ።

ተናገረም። በዚያ በሚያምር ድምፁ፦ «ጓዶች፣ በሥራ ላይ ያለን ሕዝብ ማስተጓጎል ምርትን ማስተጓጎል ነው!»

እንግዶቹ በጣም ወደዱለት። አንደኛው ጻፈው። ምሳ በልተው ሄዱ።

ደሳለኝ መኪና ከመግባቱ በፊት ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለ። «ከኔ ነበር የሚሮጡት፣ አይደል?»

«... የውሃ ተራቸው ነበር ጓድ። ረቡዕ ረቡዕ።»

ይቆጣል ስል ሳቀ። እንዲህ ከልቡ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «ታዲያ መጀመሪያውኑ አትነግሩኝም ነበር?» አለ። ማን ሊነግረው? የሚሰማበት ጊዜ መች ነበረው?

የካቲት 29፣ ሐሙስ

ጓድ ደሳለኝ ተሾመ። ደብረ ብርሃን፣ ቢሮ። ንግግር የለም፣ ማኅተም ብቻ። በእሱ ቦታ እኔን አስመድቦኛል። «ሕዝብን የማንቀሳቀስ ልዩ ተሰጥኦ ያለው» ብሏል አሉ። ብድሩን መለሰ? ወይስ ውለታ መዋሉ ነው? እምቢ እንደሆነ አይባል። አንድ ነገር ግን አስቀየርኩ፤ የእኛ የሮቢት ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። የኔ ሥልጣን በዚሁ ያበቃል።

መሪያምን ሽንኩርቷን ነቅላ በከረጢት ስታስጭን አገኘኋት። ነገርኳት።

«አንተ? ቀስቃሽ?» ከሳቋ ብዛት ከረጢቱ ላይ ተቀመጠች። «በል አሊዪ፣ አጭር አድርገው። ሰው ሥራ አለው።»

«ወላሂ፣ ሰላምታ ሰጥቼ ነው የምወርደው።»

መጋቢት 13፣ ሐሙስ፣ አጣዬ

አጭር ላደርገው ነበር። ወላሂ። ስለ ዘር ምርጫ ትንሽ ብዬ ልወርድ። ከዚያ እንዲያው ሳላስበው እጄን አነሳሁ... የሰዉ ሁሉ አገጭ አብሮ ተነሳ። ይህን ማን ነግሮኝ ያውቃል? እጄን ዝቅ አደረግኩ፤ እነሱም ዝቅ አሉ። አንድ ቃል አልኩ። ሌላ መጣ። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ ይመጣል። ጥላዬ ከእግሬ ሥር ወጥቶ ወደ ጎን ረዝሟል። ፀሐይዋ መቼ ሄደች?

ስወርድ እትዬ ትርንጎ የሚሏቸው ባልቴት እጄን ያዙ። ያለቅሳሉ።

«ልጄ፣ አንጀቴን በላኸው።»

ደስ አለኝ። ደነገጥኩም። «የቱ ነገር ነካዎት እትዬ?»

«ምኑን አውቄው! ድምፅህ ግን...» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

መሳቅ ነበረብኝ። ባለፈው ወር ቢሆን ለመሪያም ለመንገር እሮጥ ነበር። አልሳቅሁም። «እግዜር ያክብርልኝ እትዬ» አልኩና እጃቸውን ቶሎ አለቀቅኩም።

ጉሮሮዬ ተቃጥሏል። ያረፍኩበትን ሆቴል ባለቤት ማር ካላት ጠየቅኳት። ለነገ ድምፄ እንዲመለስ... ነገ እንኳ ዓርብ ነው፣ ፕሮግራም የለኝም። ግን ከጁምዓ በኋላ ገበያው ዳር ሰው ይሰበሰብ ይሆናል።